«ዲክላራሲዮን አለው» የተባለ የቲሸርት ቦንዳ ከመግዛታችሁ በፊት

ጎንደር ውስጥ ቡቲክ ያላችሁ፣ ለማኅበር ወይም ለድግስ ቲሸርት በጅምላ የምትገዙ፣ ተጠንቀቁ። «በመተማ የገባ ነው፣ ተቀርጦ አልቋል፣ ይኸው ዲክላራሲዮኑ (ዕቃው ሲገባ ለጉምሩክ የቀረበው ማስታወቂያ ወረቀት)» እየተባለ የጥጥ ቲሸርትና ሹራብ በቦንዳ ይቀርባል። ወረቀቱ ሐሰተኛ ላይሆን ይችላል። የአንድ ጭነት ወረቀት ፎቶኮፒ ተደርጎ ለሦስት ለአራት ጭነት ሲዞር ግን ከመጀመሪያው በስተቀር ሌላው ሁሉ ቀረጥ ያልተከፈለበት ዕቃ ነው። ሲያዝም የሚወረሰው እጁ ላይ ከተገኘው ሰው ነው። ደላላው በዚያን ጊዜ ስልኩን ዘግቷል።

ማኅተሙን አይታችሁ አትመኑ፤ የታሪፍ ቁጥሩን፣ ማለትም ለየዕቃው ዓይነት የተሰጠውን የጉምሩክ መለያ ቁጥር አንብቡ። ቁጥሩ 8 አሃዝ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የታሪፉን ምዕራፍ ይናገራሉ። 61 በሹራብ አሠራር የተሠራ ልብስ፣ 62 በሽመና ከተሠራ ጨርቅ የተሰፋ ልብስ ነው። 60 ከሆነ ገና ጨርቅ ነው፣ ልብስ አይደለም። 6309 ደግሞ ልባሽ ጨርቅ ነው፤ እሱን ለንግድ ማስገባት ክልክል ስለሆነ ማንም በሕጋዊ መንገድ ቀርጬዋለሁ ሊላችሁ አይችልም።

ከዚያ ዕቃውን ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ። የቲሸርቱን ጨርቅ ወደ ጎን ሳቡት፤ በሹራብ አሠራር የተሠራ ከሆነ ይለጠጣል፣ ቀረብ ብላችሁ ስታዩት በፊቱ በኩል ትንንሽ የ«ቪ» ቅርጽ ተደርድሯል፣ ጠርዙ ሲቆረጥ ይጠቀለላል። በሽመና የተሠራው ክሩ ቀጥ ብሎ ይሻገራል። ኮሌታና ቁልፍ የሌለው የጥጥ ቲሸርት ወይም ካናቴራ 6109.10 ነው (ከ8ቱ የመጀመሪያዎቹ ስድስት አሃዞች)፤ ጥጥ ካልሆነ 6109.90። ድብልቅ ከሆነ በክብደት የሚበልጠው ክር ይወስናል፣ ስለዚህ 60 በመቶ ፖሊስተር ያለውን ቲሸርት «ጥጥ» ብሎ የጻፈ ወረቀት የዚያ ቦንዳ አይደለም። ልብሱ ላይ የተሰፋው የፋብሪካ መለያ ከተቆረጠ ከስፌቱ ክር ሳይሆን ከራሱ ከጨርቁ ክር መዝዛችሁ ለኩሱት፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱ ይበተናል፤ ፖሊስተር ቀልጦ ጠጣር ጥቁር ጠብታ ይሆናል። ኮሌታ ያለው የወንድ የጥጥ ቲሸርት 6105.10 ሲሆን ከታች ወገቡን የሚያጠብቅ ጠርዝ ካለው ግን ከሁዲና ከሹራብ ጋር 6110.20 ውስጥ ይገባል። ቁመቱ ከ86 ሴንቲ ሜትር ለማይበልጥ ሕፃን የሚሆን የጥጥ ልብስ 6111.20 ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያጋልጠው ሚዛን ነው። አንድ የአዋቂ የጥጥ ቲሸርት ብዙውን ጊዜ ከ150 እስከ 200 ግራም ይመዝናል፤ ወፍራም ሁዲ ግማሽ ኪሎና ከዚያ በላይ ነው። 500 ቲሸርት ከ75 እስከ 100 ኪሎ መሆን አለበት ማለት ነው። ወረቀቱ 500 ፍሬ ብሎ የተጣራ ክብደቱን 300 ኪሎ ካለ፣ ስለ ሌላ ዕቃ ነው የሚያወራው።

ልብስ ሰፊዎችን የሚያጠምደው ሌላ ነው፦ ፊቱ፣ ጀርባውና እጅጌው ተቆርጦ የተዘጋጀ፣ ስፌት ብቻ የቀረው ቲሸርት፣ በምዕራፍ 60 «ጨርቅ» ተብሎ የገባ። ይህ አያስኬድም። በታሪፉ አጠቃላይ ደንብ 2(ሀ) መሠረት ያላለቀ ዕቃ ያለቀውን ዋና ባሕርይ ከያዘ እንዳለቀ ይቆጠራል፤ ቁራጮቹም 6109 ናቸው። ጉምሩክ ዕቃው ከወጣ በኋላም ሰነድ ይመረምራል፤ ልዩነቱንና ቅጣቱን ይጠይቃል።

ዋጋውንም አስሉት። ማጓጓዣና ኢንሹራንስ ተጨምሮ 100 ብር በሆነ ልብስ ላይ 35 በመቶ ቀረጥ 35 ብር ነው። 15 በመቶ ቫት በ135 ላይ ተሰልቶ 20.25፣ 10 በመቶ ሱር ታክስ (በገቢ ዕቃ ላይ የሚጨመር ግብር) ደግሞ በ155.25 ላይ ተሰልቶ 15.53 ይሆናል። ሌላው ሳይቆጠር ወደ 71 ብር ገደማ ማለት ነው። ውጭ አገር ከሚሸጥበት ብዙም ፈቀቅ ሳይል ቅዳሜ ገበያ ላይ «የተቀረጠ» የሚባል ዕቃ ከየት መጥቶ ነው?

«የሱዳን ምርት ነው» ማለትም ብዙ ሰው ያሳምናል። ከመተማ ማዶ ባለችው የሱዳን ከተማ በገላባት ስላለፈ የሱዳን አይሆንም፤ የተሠራበት አገር ነው የሚጻፈው። መለያው ቻይና እያለ ወረቀቱ ሱዳን ካለ ተዉት።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859 ኮንትሮባንድ ያስገባውን ብቻ ሳይሆን ያጓጓዘውን፣ ያከማቸውንና የሸጠውንም ይቀጣል። ስለዚህ ገንዘብ ከማስተላለፋችሁ በፊት የዲክላራሲዮኑን ቁጥርና ቀን ጻፉና ጉምሩክ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ አስመሳክሩ። ሻጩ በደረሰኙ ላይ የዲክላራሲዮኑን ቁጥር፣ የዕቃውን ዓይነትና ብዛት እንዲጽፍ ጠይቁ። «ደረሰኝ ከፈለግህ ዋጋው ሌላ ነው» ካለ ቦንዳውን ሳታስፈቱ ውጡ።