ዜድኤፍኤስ በኡቡንቱና በዴቢያን፦ አንድ ፕሮግራም፣ ሁለት አያያዝ

ዜድኤፍኤስ የተባለው የፋይል ሥርዓት (ፋይሎችን በዲስክ ላይ የሚያደራጅ ፕሮግራም) ክፍት ምንጭ ነው፤ የሊኑክስ ከርነልም (የሥርዓተ ክወናው እምብርት) እንዲሁ። የማይስማማው ፈቃዳቸው ነው። ዜድኤፍኤስ ከሰን ማይክሮሲስተምስ የወጣው በሲዲዲኤል ፈቃድ ሲሆን ከርነሉ ግን በጂፒኤል ቁጥር 2 ፈቃድ ይተዳደራል። ሁለቱም «ስታከፋፍሉኝ በእኔው ሕግ ይሁን» ባይ ናቸው።

ከሊኑክስ ሥርጭቶች አንዱ የሆነው ኡቡንቱ ደፈር ብሏል። ከ2016ቱ 16.04 እትም ጀምሮ ተጠናቅሮ (ከምንጭ ኮድ ወደ ማሽን ቋንቋ ተቀይሮ) ያለቀውን የዜድኤፍኤስ ሞጁል፣ ማለትም ከርነሉ ላይ የሚገጠመውን ተጨማሪ ክፍል፣ ከከርነሉ ጋር ያድላል። ባለቤቱ ካኖኒካል «ሕግ አልጣስንም» ቢልም፣ የነፃ ሶፍትዌር ተሟጋቹ ድርጅት ሶፍትዌር ፍሪደም ኮንሰርቫንሲ በዚያው ዓመት የጂፒኤል ጥሰት ነው ሲል ተቃውሟል።

ሌላው የሊኑክስ ሥርጭት ዴቢያን እጁን ሰብሰብ አድርጓል። የሞጁሉን ምንጭ ኮድ ብቻ ከዋናው ስብስብ ውጭ ባለው «ኮንትሪብ» በሚባለው ክፍል ያስቀምጣል፤ ማጠናቀሩ በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ ይሆናል። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው፦ ጂፒኤል ግዴታ የሚጥለው ሲያከፋፍሉ እንጂ በገዛ ቤት ሲጠቀሙ አይደለም። የማጠናቀሩን ሥራ ዲኬኤምኤስ የተባለ መሣሪያ በራሱ ይጨርሰዋል፤ ከርነሉ በታደሰ ቁጥር ግን እንደገና ማጠናቀር አለ (ዘገምተኛ ማሽን ያለው ሰው ቡና አፍልቶ ይጠብቅ)።

ለቤት ሰርቨር እኔ ኡቡንቱን እመርጣለሁ። ሊኑክስ ጭኖ ዕቃ የሚሸጥ ግን አከፋፋይ ነውና፣ ዴቢያን ላይ ያጠናቀረውን ሞጁል አብሮ ከሸጠ ያው ክርክር ደጁ ይመጣል።