«በእጅ የተሠራ» ጊታር ልትገዙ ነው? ጠርዙን ሳታዩ እንዳትከፍሉ

ተሸውጃለሁ። 1,400 ዶላር። እናንተ እንኳ ትረፉ ብዬ ነው የምጽፈው።

ባለፈው መስከረም እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከአንድ ግለሰብ አኮስቲክ ጊታር ገዛሁ። «ሙሉ በሙሉ በእጅ የተሠራ ነው፤ ጠርዙ ሮዝውድ የሚባለው እንጨት፣ ዙሪያው እውነተኛ ዛጎል» አለኝ። ያብለጨልጫል። ሁለት ዜማ ሞከርኩበት፣ ድምፁን ወደድኩት፣ ከፈልኩ። አበሻ ሆኜ ዋጋ እንኳ አልተከራከርኩም!

ጥር ላይ ማሞቂያው ቀን ከሌት ሲሠራ የቤቱ አየር ደረቀ። አንድ ማታ ስጫወት የጊታሩ ወገብ፣ ጭን ላይ የሚያርፈው ጋ፣ ሱሪዬን ያዝ አደረገኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ጠርዙ ተላቅቆ ተነስቷል። ጥፍሬ ሥሩ ገባ። «ሮዝውድ» የተባለው ቡናማ ፕላስቲክ ነው።

ለማያውቅ ልንገር። የጊታሩ ፊትና ጀርባ ከጎኑ ጋር በሚገናኙበት ጠርዝ ዙሪያውን የሚሄደው ቀጭን ጥብጣብ ባይንዲንግ ይባላል። ከሱ አጠገብ ያሉት ጥቁርና ነጭ መስመሮች፣ ወይም የዛጎሉ ጌጥ፣ ፐርፍሊንግ ናቸው። ባይንዲንግ ለውበት ብቻ አይደለም። የእንጨቱን የተቆረጠ ጫፍ ከእርጥበትና ከግጭት ይከላከላል።

ጊታር ወደሚጠግን ሸምገል ያለ ሰው ወሰድኩት። ብዙ አላወራም። የጥርስ ሐኪም መስታወት የምትመስል ትንሽ መስታወት በድምፅ ቀዳዳው አስገባና በስልኬ መብራት አብራልኝ። ፊቱና ጎኑ የሚጣበቁበት ከውስጥ የእንጨት ድጋፍ አለ። የኔው በራውተር፣ እንጨት በሚቆፍረው ማሽን፣ ተበስቷል። ከውስጥ ሆኖ የፕላስቲኩ ጀርባ ይታያል! ክፍተቱን በሰጋቱራና በኮላ ጠቅጥቀውታል። ዛጎሉንም በማጉያ መነጽር አሳየኝ፤ ያው አንድ ዓይነት ጠመዝማዛ በየአራት ጣቱ ይደጋገማል። ከቬርኒሽ ሥር የተለጠፈ ስቲከር ነው። እውነተኛ ዛጎል አንዱ ቁራጭ ከሌላው አይመሳሰልም፤ ጊታሩን ዘንበል ስታደርጉት ቀለሙ ይቀያየራል።

ሥራው ሲሠራ እንዲህ ነው። ጠርዙ ላይ ቦይ ይቆፈራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ። ችግሩ የጊታር ጀርባ ጎበጥ ያለ መሆኑ ነው። ራውተሩ ከጎኑ ጋር ቀጥ ብሎ ካልሄደ ቦዩ ይዘማል፣ ጥብጣቡም በትክክል አይቀመጥም። የእንጨት ባይንዲንግ ከሆነ ደግሞ ረጥቦ በጋለ ብረት ላይ ወገቡን እንዲከተል ይታጠፋል። ከዚያ በማጣበቂያ ይለጠፍና በፕላስተር ተወጥሮ ያድራል። በደንብ ሳይታጠፍ በፕላስተር ጉልበት ብቻ የተያዘ ጥብጣብ አንድ ቀን ወደ ቀድሞ ቅርጹ ሊመለስ ሲል ይነሳል። የኔ እንደዚያ ነው የሆነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ወገቡን እዩ። ቀጥሎ ቂጡን፤ ማንገቻው የሚታሰርበት ጫፍ ላይ መስመሮቹ እንደ በር ጉበን ጥግ በጥግ ገጥመው መታየት አለባቸው። እዚያ ጋ በጥቁር ሙሌት ከተሸፋፈነ ሠሪው ቸኩሏል። መስታወት ይዛችሁ ሂዱ። «ኧረ ምን አስፈለገ» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ደህና ዋሉ በሉት።

በነገራችን ላይ፣ ጠርዝ መላቀቅ ሁልጊዜ ማጭበርበር አይደለም። አሮጌ ጊታር ላይ ያለ ሴሉሎይድ የሚባል የድሮ ፕላስቲክ በዕድሜ ብዛት ስለሚኮማተር ምርጥ የሚባለው ጊታርም ወገቡ ላይ ይላቀቃል። እሱን ዋጋ አስቀንሳችሁ መግዛት ትችላላችሁ። አዲስ ነው ከተባለ ግን ጥላችሁ ውጡ።

«የብራዚል ሮዝውድ ነው» ካሏችሁም ወረቀቱን ጠይቁ። ይህ እንጨት ከ1992 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዓለም አቀፍ ንግድ ላይ በጥብቅ የተከለከለ ነው፤ ያለ ወረቀት ይዞት አዲስ አበባ መግባት ራስ ምታት ነው። ሌሎቹ የሮዝውድ ዓይነቶች በተሠራ የሙዚቃ መሣሪያ ላይ ከሆኑ ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደንቡ ቀለል ብሏል።

ማስጠገኛው 650 ዶላር ተባልኩ። ሻጩ ጋ ደወልኩ፤ አንዴ አነሳ፣ ከዚያ ብሎክ አደረገኝ። ትናንት ሌላ «በእጅ የተሠራ» ጊታር ለጥፏል። ፎቶዎቹ ስድስት ናቸው። ስድስቱም ከፊት ለፊት የተነሱ ናቸው።