«12 የቆዳ ቀለም» የሚባለውን ሳጥን ከመግዛታችሁ በፊት

ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ መሐል ሜዳ ሆናችሁ ትንንሽ የሰው ቅርጽ የምትቀቡ ሁሉ፦ በቴሌግራም እየተዘዋወረ ያለው ባለ 12 ጠርሙስ «የቆዳ ቀለም» ገንዘባችሁን አያወጣም። ክፍያው ቅድሚያ ነው፤ ዕቃው በአውቶቡስ ይላካል፤ ደረሰኝ የለም። ሲከፈት ጠርሙሶቹ ላይ «ጠይም 1»፣ «ጠይም 2»፣ «ቀይ ዳማ» ከሚል የእስክርቢቶ ጽሑፍ በቀር ምንም የለም።

መጀመሪያ መጠኑን እዩ። አንዱ ጠርሙስ 5 ሚሊ ሊትር ነው፤ 12ቱ ተደምረው 60 ይሆናሉ። በሥዕል ዕቃ መደብር አንድ ትልቅ የአክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን፣ ከደረቀ በኋላ ግን በውሃ የማይለቅ ቀለም) ቱቦ ብቻውን 75 ሚሊ ሊትር ይይዛል። የሳጥኑን ዋጋ ለ60፣ የቱቦውን ለ75 አካፍሉና አወዳድሩ። ሻጩ «ቫሌሆን ከፋፍለን ነው» ካለ ደግሞ የስፔኑ ቀለም አምራች የቫሌሆ ቀለም በራሱ ጠርሙስ 17 ወይም 18 ሚሊ ሊትር ሆኖ፣ አፉ በጠብታ የሚያወጣ፣ የቀለሙ ቁጥር የታተመበት ነው። ከዚያ ወጥቶ ወደ ሌላ ጠርሙስ የተገለበጠ ቀለም ውስጡ ምን እንደተጨመረበት አይታወቅም።

ዋናው ጉድ ግን ይዘቱ ነው። 12ቱን ቀለም ነጭ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ቀቡና ይድረቅ። ከሦስት ወይም ከአራት በቀር ሁሉም ያው አንዱ ቡናማ ሆኖ ነጭ እየተጨመረበት የወጣ ነው። ታይታኒየም ነጭ (የተለመደው ነጭ ቀለም) ሸፋኝ ነው፤ ቡናማ ውስጥ ሲገባ ሙቀቱን ያጠፋዋል፣ ወደ ሐምራዊ ግራጫ ይወስደዋል። በዚህ ጉንጭና ግንባር ያበራችሁበት ጠይም ፊት ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። ቀቢዎች «እጄ ነው ያበላሸው» እያሉ ቀለሙን ደጋግመው ይደራርቡበታል። ጥፋቱ የቀለሙ ነው።

ሳጥኑን በእጅ የሚሸጥ ካገኛችሁ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ጠርሙስ እንዲከፈት ጠይቁ። ጥቁር ፕላስቲክ ላይ አንድ ጠብታ ቀለም በአንድ ጠብታ ውሃ አቅጥናችሁ በስሱ ዘርጉ። ደኅና አክሪሊክ እኩል ይተኛል። የተቀጠነ የግድግዳ ቀለም ከሆነ ጠርዙ ላይ ተሰብስቦ ክብ ይሠራል፣ መሐሉ ይሳሳል፣ ሲደርቅ በጣት ስትዳስሱት ይሻክራል፤ በግድግዳ ቀለም ውስጥ መሙያ ሆኖ የሚገባው ኖራ ነክ ዱቄት ቅንጣቱ ትልቅ ነውና። 54 ሚሊ ሜትር ቁመት ባለው ቅርጽ ላይ ጭንቅላቱ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ያ ቅንጣት የዐይን ቆብና የከንፈር መስመር ይደፍናል። ከዚያ ጠብታው በደንብ ሲደርቅ በረጠበ ጣት እሹት። ጣታችሁ ላይ ከመጣ የተማሪ የውሃ ቀለም ነው፤ ሁለተኛውን ቅብ ስትደርቡ የመጀመሪያው ይነሳባችኋል። አሽትቱትም። የበሰበሰ ሽታ ካለው ብዙ ውሃ ተጨምሮበት እንዳይበሰብስ የሚገባበት መከላከያ ደክሟል።

ለእኛ አካባቢ ሌላም አለ። አክሪሊክ ውርጭ አይወድም፤ ረግቶ ሲቀልጥ ሊቋጠር ይችላል፤ ከተቋጠረ ደግሞ ወደነበረበት አይመለስም። ከጥቅምት ጀምሮ ደብረ ብርሃን በቆርቆሮ ሱቅ ያደረ ጠርሙስ ስትነቀንቁት ውስጡ ጓል ከተሰማችሁ ተዉት፣ በውሃ አይድንም።

ታዲያ ምን ይገዛ? አምስት ቱቦ ይበቃል፦ በርንት አምበር (ጠቆር ያለ ቡናማ)፣ በርንት ሲየና (ቀላ ያለ ቡናማ)፣ የሎው ኦከር (አፈርማ ቢጫ)፣ አልትራማሪን ሰማያዊ፣ ታይታኒየም ነጭ። ቱቦው ላይ ውስጡ ያለው የቀለም ዱቄት መለያ ይፈለግ፤ ነጩ ፒደብሊው 6 (PW6)፣ ሰማያዊው ፒቢ 29 (PB29)፣ አምበርና ሲየናው ፒቢአር 7 (PBr7) ቢሆኑ ጥሩ ነው።

ለጠይም መነሻ ሁለት እጅ ሲየና፣ አንድ እጅ አምበር፣ አንድ እጅ ኦከር። ለቀይ ዳማ ሁለት ሲየና፣ ሁለት ኦከር፣ ትንሽ ነጭ፤ ብርቱካናማ ከሆነባችሁ በብሩሽ ጫፍ አልትራማሪን ንኩት። ለጥቁር ሦስት አምበር፣ አንድ ሲየና፣ ጥቂት አልትራማሪን። ልኩ እንደየቱቦው ይለያያል፤ አክሪሊክ ሲደርቅ ስለሚጠቁርም ከመቅባታችሁ በፊት ነጥብ አድርጋችሁ አድርቃችሁ እዩ።

ከሳጥኑ ጋር የሚሸጠው «ስልጠና» ጥላውን በጥቁር፣ ብርሃኑን በነጭ ያስቀባል። ሁለቱም ስህተት ነው። ጥላ የሚወጣው ከመነሻው ላይ አምበርና ትንሽ አልትራማሪን በመጨመር ነው፤ ከዐይን በታች፣ ከአፍንጫ ጎን፣ ከአገጭ ሥር ይገባል። ብርሃኑ በኦከር ይጀመር፤ ጉንጭ አጥንት፣ የአፍንጫ ድልድይ፣ ግንባር። ነጭ የሚመጣው መጨረሻ ላይ፣ ከኦከር ጋር ተቀላቅሎ፣ በጣም ትንሽ ቦታ ብቻ ነው፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ሲያበራ ነጸብራቁ ጠባብና ጥርት ያለ ነውና። መዳፍና ጥፍር ከፊቱ ፈካ ይበሉ፣ የታችኛው ከንፈር ወደ ቀይ ቡናማ ይጠጋ። የዐይን ነጭ ንጹህ ነጭ ከሆነ ሰውየው የደነገጠ ይመስላል፤ በአምበር አቆሽሹት። የመንዝ በርኖስ ለለበሰ ቅርጽ በርኖሱን ቀድማችሁ ቀቡ፤ ጥቁሩ ሱፍ አጠገቡ ያለውን ፊት ፈክቶ ስለሚያሳየው ብርሃኑን በልክ ለማቆም ይረዳል።

ሳጥኑ ውስጥ ያለችውን ባለ ሦስት ዜሮ (000 የሚባለውን እጅግ ቀጭን) ብሩሽ አትቁጠሩት። ጫፏ ላይ ቀለም ቶሎ ይደርቃል፣ ብዙም ሳይቆይ ትታጠፋለች። ጫፉ የሾለ 1 ቁጥር ብሩሽ ቀለም ይሸከማል፣ ዐይንም ይሠራል። ደብረ ብርሃን ንፋሱ ደረቅ ስለሆነ ቀለሙን በሰሃን አታስቀምጡ፤ የብስኩት ፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ የረጠበ ስፖንጅ፣ ከላዩ የኬክ መጋገሪያ ወረቀት፣ ቀለሙ ከወረቀቱ ላይ።

አስቀድማችሁ ከፍላችሁ ከሆነ የክፍያውን መልእክትና የሻጩን ማስታወቂያ ሳይጠፋ አስቀምጡና ገንዘባችሁን ጠይቁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሻጭ ደረሰኝ እንዲሰጥና ዕቃው ላይ መግለጫ እንዲኖር ያዛል፤ እምቢ ካለ ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ገንዘቡ ካልተመለሰ ግን ያ ቀለም ለፊት ባይሆንም ለቅርጹ መቆሚያ ድንጋይና አፈር ያገለግላል፤ መሻከሩ እዚያ አይጎዳም።