በሦስት እግሯ ስታነክስ የነበረችውን ኮሮላዬን ላዳኑልኝ መካኒክ

ሰላም ለባሕር ዳር ነዋሪዎች በሙሉ። ይህን የምጽፈው አንድ መካኒክ ለማመስገን ነው። ትንሽ ይረዝማል፤ መኪናው ዳገት ላይ እየተንገጫገጨ ያስቸገረው ሰው ካለ ግን እስከ መጨረሻው ያንብበው።

መኪናዬ የ2004 ሞዴል ኮሮላ ናት። ሩዝ ስለምነግድ በሳምንት ሁለት ጊዜ ወረታ እመላለስባታለሁ። ችግሩ ሲጀምር ቆማ ስትሠራ ለእኔ ምንም አይታወቀኝም ነበር። መንገዱ ሽቅብ ሲሆን ነዳጅ ስጨምር ግን ትንቀጠቀጣለች፣ ጉልበት ታጣለች፣ ቢጫው የሞተር ምልክትም ብልጭ ድርግም ይላል። የመጀመሪያው ጋራዥ «ካንዴላ ጨርሷል» ብሎ አራቱንም ነዳጅ ለኳሾች ቀየረልኝ። ሁለት ሳምንት በሰላም ከሄደች በኋላ እንደገና ባሰባት። ሁለተኛው ጋራዥ የኮምፕሬሽን (ሞተሩ አየሩን የሚያምቅበት ግፊት) መለኪያ አስገብቶ 160ዎቹን ሲያነብ «ከ200 በላይ መሆን ነበረበት፤ ሞተሩ ደክሟል፣ መከፈት አለበት» አለኝ። የተጠየቅሁት 85 ሺህ ብር ነው። የዚያን ዕለት ማታ እራት አልበላሁም።

ወደ እኚህ ሰው የመራኝ ባጃጅ ያለው ጎረቤቴ ነው። ስደርስ ኮፈኑን እንኳን አልከፈቱም። «አስነሺያት» ብለውኝ ከኋላ ቁጢጥ አሉና መዳፋቸውን ማርሚታው አፍ ላይ ዘረጉ። ጥቂት ቆይተው «አንዱ ይጎድላል» አሉ። ከዚያ ጥያቄ ጀመሩ። የሚብሳት ስትቆም ነው ወይስ ስትወጣ? ጠዋት ነው ወይስ ከሞቀች በኋላ? ካንዴላው ከተቀየረ በኋላ ስንት ቀን ደህና ሆነች? ከዚያ በፊት ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ቀጥለው ትንሿን የብልሽት ኮድ ማንበቢያ ሰኩ። ፒ0303 አለች፤ ሦስተኛው ሲሊንደር (ነዳጁ ከሚቃጠልባቸው አራት ክፍሎች አንዱ) በትክክል አያቃጥልም ማለት ነው። «ማሽኗ የታመመውን ትነግርሻለች፤ በሽታውን ግን አትነግርሽም» አሉኝ። የሦስተኛውን ኮይል (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ነው፤ እርሳቸው በድሮው አፍ ቦቢና ይሉታል) ነቅለው ከአንደኛው ጋር አቀያየሩ፣ የነበረውን ኮድ አጠፉና አጠገቤ ተቀምጠው ወደ ቤዛዊት ዳገት አስነዱኝ። መንቀጥቀጡ ተመለሰ። ስናነበው ኮዱ ፒ0301 ሆኗል። ችግሩ ኮይሉን ተከትሎ ከሦስተኛው ወደ አንደኛው ሄዷል። ምንም ዕቃ ሳይገዛ፣ አንድ ብር ሳይወጣ!

ጋራዥ ተመልሰን ኮይሉን ከነላስቲኩ ወደ ፀሐይ አውጥተው አሳዩኝ። ካንዴላው ላይ የሚጠለቀው ላስቲክ ዘይት ጠጥቶ ለስልሷል፣ ውስጡም በአንድ በኩል ተቃጥሏል። ከሦስተኛው ሲሊንደር ያወጡት ካንዴላ ደግሞ ሁለት ወር ያልሞላው ነው፤ ነጩ ሸክላው ላይ ግን በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ቀጭን ጥቁር መስመር ነበረበት። በጥፍሬ ብፍቀው አልለቀቀም። እሳቱ በዚያ መስመር በኩል እያመለጠ ከብረቱ ጋር ይገናኝ ነበር። ነዳጅ ሲረገጥ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚጨምር እሳቱ በካንዴላው ጫፍ መዝለል ይከብደዋል፤ ውኃ ቁልቁለት እንደሚፈልግ ሁሉ እርሱም የቀለለውን መንገድ ይመርጣል። ቆማ ስትሠራ ደህና የምትመስለውና ዳገት ላይ የሚብሳት ለዚህ ነው። የመጀመሪያው ጋራዥ አዲሱን ካንዴላ በተቃጠለው አሮጌ ላስቲክ ስለገጠመው ያው መስመር አዲሱም ላይ ታተመ።

ዘይቱስ ከየት መጣ? ካንዴላዎቹ የሚቀመጡባቸው ጉድጓዶች ዘይት እንዳይገባባቸው በሞተሩ የላይኛው ክዳን ሥር የጎማ ቀለበት አላቸው። የእኔዎቹ እንደ ጣውላ ደርቀዋል።

ኮምፕሬሽኑንም ዝም ብለው አላለፉትም፤ ራሳቸው እንደገና ለኩት። 165፣ 168፣ 162፣ 166 አነበብን። «አራቱ እርስ በርሳቸው ተቀራርበዋል፤ የታመመ ሲሊንደር ቢኖር አንዱ ለብቻው ይወርድ ነበር» አሉኝ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል፤ ስለዚህ መለኪያው በቆላ ለሚነዳ መኪና ከተጻፈው ቁጥር በአምስተኛ ያህል ዝቅ ብሎ ቢያነብ አያስደነግጥም። 85 ሺህ ብሬን ያተረፈችልኝ ይህች ዓረፍተ ነገር ናት።

ተግሣጹም አልቀረልኝም። አንደኛ፣ ጣና ዳር መኪና ሳሳጥብ ሞተሩ ላይ ውኃ በግፊት እንደሚረጭ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ውኃው እነዚያው ጉድጓዶች ውስጥ ገብቶ ይተኛል። «ጣና ለዓሣ ነው እንጂ ለሞተር ማጠቢያ ነው እንዴ፣ አንቺ ልጅ?» አሉኝ። ሁለተኛ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ወረታ ድረስ መንዳቴን አልወደዱትም። ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ጭስ መውጫው ሄዶ በዚያ ያለውን ማጣሪያ ያግለዋል፣ ሊያቀልጠውም ይችላል፤ የእርሱ ዋጋ ደግሞ ከዚህ ጥገና ሁሉ ይበልጣል። ምልክቱ ዝም ብሎ ከበራ ቀስ ብሎ መምጣት ይቻላል፤ ከተርገበገበ ግን ዳር ይዞ ማቆም ነው።

ሥራው ግማሽ ቀን ፈጀ። አንድ ላስቲክ፣ አንድ ካንዴላ፣ የክዳኑ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ከነቀለበቶቹ፤ ለዕቃውም ለእጃቸውም ከ9 ሺህ ብር አላለፈም። ኮይሉ ራሱ ደህና ስለነበር አላስገዙኝም። የወጣውን አሮጌ ዕቃ በፌስታል አድርገው ሰጡኝ፤ ያ መስመር ያለበት ካንዴላ እስከ አሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ሦስት ወር ሆነኝ፤ ባለፈው ሳምንት ጎንደር ድረስ ሄጄባት አንዴም አልተንገጫገጨችም።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ፤ እጅዎን ይባርከው!

እንከንም አላቸው። ስልክ አያነሱም። መቀመጫ የሚባል ነገር ስለሌለ አሮጌ ጎማ ላይ ነው የምትቀመጡት። «ቶሎ ይበሉልኝ» የሚል ደንበኛ ከመጣ ሌላ ጋራዥ ይጠቁሙታል፤ በፊቴ አንዱን እንዲህ ሸኝተውታል። ስማቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ስለከለከሉኝ አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ጠዋት ከሁለት ሰዓት ተኩል በፊት ከደረሳችሁ ወረፋው አይከፋም፤ መጀመሪያ ግን ቡናቸውን ይጨርሱ።