ያገለገለ ሬንጅ ሮቨር ወይስ ሌክሰስ? ከመፈረማችሁ በፊት

የአክስቴ ልጅ የሚኖረው ቨርጂኒያ ነው። ባለፈው ወር የሁለት መኪና ፎቶ ላከልኝና «የቱን ልግዛ?» አለኝ። አንዱ የ2014 ሬንጅ ሮቨር ነው። ሌላው የዚያው ዓመት ሌክሰስ ኤልኤክስ 570። አዲስ ሳሉ የሁለቱም መነሻ ዋጋ ከ80 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። ዛሬ ግን ሬንጅ ሮቨሩ ከሌክሰሱ በብዙ ሺህ ዶላር ይረክሳል። የሄደው ማይልም ያነሰ ነው። «ይሄማ ሎተሪ ነው!» አለኝ።

ሎተሪ አይደለም። መኪና ሲያረጅ የመሸጫ ዋጋው ይወርዳል፤ የመለዋወጫውና የመካኒኩ ዋጋ ግን ባለበት ይቆያል። በ20 ሺህ ዶላር የገዛችሁት ሬንጅ ሮቨር ሲበላሽ የሚጠገነው በ80 ሺህ ዶላር መኪና ሂሳብ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ስታወዳድሩ የሻጩን ዋጋ ብቻ አትዩ። ከገዛችሁት በኋላ ባሉት ሦስት ዓመታት የምታወጡትን ጨምራችሁ አስሉ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ለዚህ ነው። ብዙ ወገኖቻችን ደክመው ያጠራቀሙትን ብር በፎቶ ብቻ ሲያወጡ ስለማይ ያሳስበኛል።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱ ከየት መጡ?

ላንድ ሮቨር የጦርነቱ ማግስት ልጅ ነው። መጀመሪያ የታየው በ1948 አምስተርዳም በተካሄደው የመኪና ትርኢት ላይ ነው። ያኔ እንግሊዝ ውስጥ ብረት እንደ ልብ ስለማይገኝ አካሉ የተሠራው ከአልሙኒየም ነበር። የታሰበውም ለገበሬ ነው። እኛም ሀገር የገጠር መንገድ ላይ ላደገ ሰው ላንድሮቨር ምን እንደሆነ አይነገረውም።

በ1970 በዚሁ ኩባንያ ስፔንሰር ኪንግ የሚባል መሐንዲስ የመራው ቡድን ሬንጅ ሮቨርን አወጣ። ጭቃ ውስጥ እንደ ላንድሮቨር የሚበረታ፣ አስፋልት ላይ ግን እንደ ቤት መኪና የሚመች እንዲሆን ነበር የተፈለገው። በሩ ሁለት ብቻ ነበር። ወለሉ በውሃ ይታጠብ ነበር። ሞተሩ 3.5 ሊትር ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ሲሆን ንድፉ የአሜሪካው ቡዊክ ነበር። ባለአራት በሩ በ1981 መጣ። አሜሪካ በ1987 ገባ። ቆዳውና እንጨቱ ቀስ በቀስ ተጨመረ። በ1992 ደግሞ ዛሬ ብዙ ባለቤቶችን የሚያስለቅሰው የአየር ሰስፔንሽን መጣ።

በዚህ መሃል ኩባንያው ከእጅ እጅ ተሻገረ። በ1994 ቢኤምደብሊው ገዛው። በ2000 ፎርድ ወሰደው። በ2008 የሕንዱ ታታ ከጃጓር ጋር አንድ ላይ በ2.3 ቢሊዮን ዶላር ገዛቸው። ይህ ታሪክ ለገዢ ጥቅም አለው። ባለቤቱ በተቀያየረ ቁጥር ኮፈኑ ሥር ያለው ነገርም ተቀይሯል። በ2002 ለገበያ የቀረበው ሦስተኛው ትውልድ መጀመሪያ የቢኤምደብሊው ሞተር ነበረው። ቆይቶ በጃጓር ሞተር ተተካ። ከ2010 ሞዴል ጀምሮ 5.0 ሊትሩ ቪ8 ገባ። በ2012 የወጣው አራተኛው ትውልድ ሙሉ በሙሉ የአልሙኒየም አካል ይዞ መጣ። የአሁኑ አምስተኛው ትውልድ ቪ8 ደግሞ እንደገና የቢኤምደብሊው ሆኗል። ስለዚህ አንድ ሰው «ሬንጅ ሮቨር እንዲህ ነው» ሲላችሁ «የስንት ዓመተ ምሕረቱ?» ብላችሁ ጠይቁ።

የሌክሰስ ታሪክ አጭር ነው። በ1983 የቶዮታው ሊቀ መንበር ኤይጂ ቶዮዳ መሐንዲሶቻቸውን ሰብስበው ከዓለም ምርጥ ጋር የሚወዳደር መኪና እንዲሠሩ አዘዙ። ውጤቱ ኤልኤስ 400 ነው፤ በጥር 1989 ዲትሮይት ላይ ታየ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ 8 ሺህ የሚሆኑ መኪኖች ላይ የፍሬን መብራትና የክሩዝ ኮንትሮል ችግር ተገኘ። ኩባንያው ባለሙያዎቹን ደንበኞች ቤት ድረስ ላከ። መኪናውን ጠግነው፣ አጥበው፣ ቤንዚን ሞልተው መለሱ። የሌክሰስ ስም የተገነባው እንዲህ ነው። እኔ ከሞተሩ ይልቅ ይህን ነው የማደንቀው።

ኤልኤክስ የመጣው በ1996 ነው። ከጅምሩ ላንድክሩዘር ነው፤ ልብሱ ብቻ ያምራል። ኤልኤክስ 470 በ1998፣ ኤልኤክስ 570 በ2008 ሞዴል ወጡ። አዲስ አበባ ላይ «ቪ8» ብለን የምንጠራትን የባለሥልጣን መኪና ታውቋት የለ? ኤልኤክስ 570 የእሷ እህት ናት። ዱባይና ሪያድ ያላችሁማ በየመንገዱ ታዩዋታላችሁ።

የሬንጅ ሮቨር ባለቤቶች ምን ይላሉ?

ከአየር ሰስፔንሽኑ ልጀምር። በሞላ ፋንታ አራት አየር የተሞሉ የጎማ ከረጢቶች መኪናውን ይሸከማሉ። ምቾቱ ልዩ ነው፤ እውነቱን እንናገር ሌክሰሱ አይደርስበትም። ጎማው ግን በዕድሜ ይሰነጠቃል። ማታ ያቆማችሁት መኪና ጠዋት አንድ ጎኑ ተኝቶ ይጠብቃችኋል። ሞተሩን ስታስነሱ ኮምፕሬሰሩ አየር ሞልቶ ያነሳዋል። ብዙ ሰው «ተነስቷል እኮ» ብሎ ይነዳዋል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። የሚያፈሰውን ከረጢት ለመሙላት ኮምፕሬሰሩ ያለ ዕረፍት ይሠራና ይቃጠላል። አንድ ከረጢት ቶሎ ብትቀይሩ ኖሮ ኮምፕሬሰሩ ይተርፍ ነበር።

ሁለተኛው የ5.0 ሊትሩ ሞተር ታይሚንግ ሰንሰለት (የሞተሩን ክፍሎች በጊዜያቸው የሚያንቀሳቅሰው) ነው። ሰንሰለቱን የሚወጥረው ክፍል ከመሄጃው ጋር እየተፋጨ ይበላዋል። በዚህ ሰንሰለቱ ይላላል። ቅሬታው የበዛው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ በተለይ ከ2010 እስከ 2012 ባሉት ሞዴሎች ላይ ነው። ምልክቱ የታወቀ ነው፦ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ እንደ ናፍጣ ሞተር ይንኳኳል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ጥገናው የሞተሩን ፊት መፍታት ስለሚጠይቅ የእጅ ዋጋው ከዕቃው ይበልጣል። ዝም ብላችሁ ከነዳችሁት ደግሞ ሞተሩ ራሱ ሊሄድ ይችላል።

ሦስተኛው የራዲያተር ውሃ ነው። የ5.0 ቪ8ቱም ሆነ የ3.0 ቪ6ቱ ውሃ መተላለፊያ ቱቦዎች ፕላስቲክ ናቸው። በሙቀት ብዛት ይደርቁና ይሰነጠቃሉ። አንዳንዶቹ ሱፐርቻርጀሩ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው ክፍል) ሥር ስለተቀበሩ ሲያፈሱ በዓይን አይታዩም። ውሃው ሳይታወቅ ያልቅና ሞተሩ ይግላል። የአልሙኒየም ሞተር አንዴ ከጋለ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይጣመማል። የጥቂት ዶላር ቱቦ የሞተር ዋጋ የሚያስከፍለው በዚህ መንገድ ነው። የአክስቴ ልጅ ያየው የ2014ቱም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ቱቦዎቹ መቀየራቸውን በደረሰኝ ካላሳዩት፣ እንዳልተቀየሩ ቆጥሮ ዋጋ እንዲጠይቅ ነግሬዋለሁ።

አውሮፓ ውስጥ ናፍጣውን የምታዩ ደግሞ ስለ ቲዲቪ6 ሞተር ጠይቁ። ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ፣ ክራንክሻፍቱ፣ ተሰበረብን የሚሉ ባለቤቶች ብዙ ናቸው። እንግሊዝ አገር ሌላ ጣጣም አለ። ያለ ቁልፍ መኪና ከፍተው የሚሰርቁ ሌቦች ሬንጅ ሮቨርን አሳደዱት፤ አንዳንድ ኢንሹራንሶችም ዋስትና አንሰጥም አሉ። ኩባንያው የቆዩትን መኪኖች የደህንነት ሥርዓት ለማሻሻል ከ10 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ መድቧል። መኪናውን ከመግዛታችሁ በፊት የኢንሹራንሱን ዋጋ ጠይቁ።

ስክሪን አልሠራም ብሎ መቆም፣ የሴንሰር ማስጠንቀቂያ፣ የካሜራ መጥፋት እንዲሁ የተለመዱ ቅሬታዎች ናቸው። ባትሪው ሲደክም ብዙ የሐሰት ማስጠንቀቂያ ስለሚያወጣ መጀመሪያ እሱን አስለኩ።

ቁጥር ለሚፈልግ፦ ጄ ዲ ፓወር የተባለው የአሜሪካ የገበያ ጥናት ድርጅት የ2023 የአስተማማኝነት ጥናት የሦስት ዓመት ዕድሜ ያላቸውን መኪኖች ባለቤቶች ጠይቋል። ሌክሰስ በ100 መኪና 133 ችግር ተመዝግቦበት አንደኛ ወጣ። ላንድ ሮቨር 273 ተመዝግቦበት መጨረሻ ሆነ። ይህ ቁጥር ግን የስክሪንና የብሉቱዝ ችግርንም ይጨምራል። «273 ጊዜ መንገድ ላይ ቆመ» ማለት አይደለም።

ሌክሰስስ ንጹሕ ነው?

አይደለም። «ሌክሰስ አይበላሽም» የሚል ሻጭ ሲገጥማችሁ ተጠንቀቁ።

ኤልኤክስ 570 ሲያረጅ ራዲያተሩ ላይ ያለው ፕላስቲክ ይሰነጠቃል፣ የውሃ ፓምፑም ያፈሳል። ሰስፔንሽኑ በአየር ሳይሆን በዘይት ግፊት ነው የሚሠራው። በውስጡ ጋዝ የያዙ ኳሶች አሉት። ጋዙ ሲያልቅ መኪናው ይደርቅና እያንዳንዱን ጉድጓድ ወገባችሁ ላይ ያስቆጥራችኋል። ኳሶቹ ይቀየራሉ፤ ዋጋቸውም ከሬንጅ ሮቨሩ ጋር ሲተያይ ቀላል ነው። ኤልኤክስ 470 እና አነስ ያለው ወንድሙ ጂኤክስ 470 ታይሚንጋቸው ሰንሰለት ሳይሆን ቺንጋ ነው። በ90 ሺህ ማይል መቀየር አለበት። በረዶ ላይ ጨው በሚረጭባቸው ክፍላተ ሀገር የነበሩ ጂኤክሶች ሻንሲያቸው ይዝጋል። ሚኒሶታ ያላችሁ ሥሩን በባትሪ እያበራችሁ እዩት።

ቤንዚኑም ቀላል አይደለም። ኤልኤክስ 570 በጋሎን ወደ 15 ማይል ነው የሚሄደው። ቪ8ቱ ሬንጅ ሮቨርም ከዚያ ብዙ አይሻልም። የኤልኤክሱ ሦስተኛ መቀመጫ ወደ ጎን ስለሚታጠፍ የሻንጣውን ቦታ ይበላል። ለበዓል በግ ጭኖ የሚመጣ ሰው ያማርራል።

ከባድ ጥፋቶችም ነበሩ። በ2010 ኮንሱመር ሪፖርትስ የተባለው የሸማቾች መጽሔት ጂኤክስ 460ን በሹል መታጠፊያ ላይ ኋላው ይንሸራተታል ብሎ «አትግዙ» አለ። ኩባንያው ሽያጭ አቁሞ ሶፍትዌሩን አስተካከለ። ከዚያ በፊት በ2009 ሳን ዲዬጎ አጠገብ አንድ ሌክሰስ ኢኤስ 350 መቆም አቅቶት አራት ሰዎች ሞተዋል። ምንጣፉ የነዳጅ ፔዳሉን ይዞት ነበር። ቶዮታ ስለ ፔዳሎቹ ለሕዝብ በሰጠው የተሳሳተ መረጃ በ2014 ለአሜሪካ መንግሥት 1.2 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል። ይህን የማነሳው ስም ብቻ አይቶ መግዛት ለየትኛውም ብራንድ እንደማይሠራ ለማሳየት ነው።

አዲሱን ኤልኤክስ 600 የምታስቡ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። 5.7ቱ ቪ8 ቀርቶ 3.5 ሊትር ባለ ሁለት ቱርቦ ቪ6 ገብቷል። በ2024 ኩባንያው የቶዮታ ተንድራን ጨምሮ ወደ 102 ሺህ መኪኖችን ጠርቷል፤ ከፋብሪካ የቀረ የብረት ፍርፋሪ ሞተር ውስጥ ተገኝቶ ነው። የ2022ና የ2023 ሞዴል ከሆነ የሻንሲ ቁጥሩን በአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገቡና ሥራው መሠራቱን አረጋግጡ። ነፃ ነው፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

የቱ ለማን?

አንድ መኪና ብቻ ላለው፣ በእሱ ሥራ ለሚሄድ፣ ልጆች ትምህርት ቤት ለሚያደርስ ሰው የእኔ መልስ ሌክሰስ ነው። ኤልኤክሱ ከተወደደ ጂኤክስ 460 አለ። 4.6 ሊትር ቪ8 ነው፣ ታይሚንጉ ሰንሰለት ነው፣ ሰፈር ያለ መካኒክም ያውቀዋል።

ሬንጅ ሮቨርን የምመክረው ሁለተኛ መኪና ላለው ሰው ነው። ብራንዱን የሚያውቅ የግል ጋራዥ በአቅራቢያው ይኑረው። ለጥገና ብቻ የተቀመጠ ብርም ያስፈልገዋል። እኔ ብሆን ቢያንስ 5 ሺህ ዶላር ለብቻ ሳላስቀምጥ አልገዛም። ይህን ለሚችል ሰው ግን አይሆንም አልለውም። ያንን ከፍታ፣ ያንን ጸጥታ፣ ጭቃ ውስጥ ያለውን ብቃት የሚሰጥ መኪና ጥቂት ነው። ወዳጁ መሆን ነውር የለውም።

ነድቼው ወደ ሀገር ቤት እልከዋለሁ የምትሉ፣ ኢትዮጵያ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሏን አትርሱ።

ልታዩት ስትሄዱ

ከዓመታት በፊት አንድ መኪና ሳላስፈትሽ ገዝቼ በሁለተኛው ወር ሞተሩ ወረደ። ሻጩ እኔ ከመድረሴ በፊት ሞተሩን አሙቆ ነበር የጠበቀኝ። ቀዝቅዞ ሲነሳ የሚያወጣውን ድምፅ እንዳልሰማ ነው። ያኔ አልገባኝም።

አሁን ለሁሉም ሰው የምለው አንድ ነው። ሻጩ ቀድሞ እንዳያስነሳው ንገሩት። ስትደርሱ እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አሳርፉ። ሞቆ ካገኛችሁት ሌላ ቀን ተመለሱ። ሬንጅ ሮቨር ከሆነ አራቱም ጎማ ላይ ያለው ክፍተት እኩል መሆኑን እዩ። ከፍታውን እስከ ላይ አስነሱት፣ ከዚያ አውርዱት፣ ሰዓት ያዙ። የራዲያተሩን ውሃ መጠን ምልክት አድርጉበትና ከነዳችሁት በኋላ እንደገና እዩ። ከዚያ 150 ወይም 200 ዶላር ከፍላችሁ ሻጩ በማያውቀው መካኒክ አስፈትሹት። «ዋራንቲ እሰጥሃለሁ» ከተባላችሁ ወረቀቱን ቤት ወስዳችሁ የማይሸፍነውን ዝርዝር አንብቡ፤ የአየር ሰስፔንሽን ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ ነው የሚገኘው።

የአክስቴ ልጅ ለሬንጅ ሮቨሩ ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ቀጠሮ ይዟል፤ ለሌክሰሱ እሑድ። ሁለቱንም ሻጮች «ሞተሩን አትንኩ» ብሏቸዋል። አንደኛው «ለምን?» ብሎ ጠይቆታል።