ሳይጠሩት አቤት፤ ከአምስት ኮከብ አንድ

ስለ ጎንደር ምግብና ስለ ጥንት አብያተ ክርስቲያናቷ እጽፋለሁ። ኢሜይሌን ያወጣሁት አንባቢ ስህተቴን እንዲያርመኝ ነበር። አንድ የውጭ አገር የሕዝብ ግንኙነት ድርጅት ግን ከማስታወቂያ ኢሜይል ዝርዝሩ ከትቶኛል፤ ማን እንደፈቀደለት እንጃ።

የመጀመሪያው ደብዳቤ «ውድ ስም እዚህ ይግባ» ይላል። ስሜን መሙላት ረስተውት! «ጽሑፍዎን ሁልጊዜ በፍቅር አነባለሁ» ካለኝ በኋላ፣ በማሽን በተተረጎመ አማርኛ የአየር ማቀዝቀዣ እንዳወድስለት ጠየቀኝ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከተማ፣ በነሐሴ፣ ጋቢ ደርቤ ለተቀመጥኩት ሰውዬ።

ከዚያ ማስታወሻው ተከተለ። «ያለፈውን አይተውት ይሆን?» አንዱ ጥር 11 ቀን፣ ከፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ዳር በሕዝብ ተጨናንቄ ቆሜ ሳለ መጣ። አባሪው ፎቶ ዳታዬን ጠጥቶ ጨረሰው።

«ከዝርዝር ውጣ» የሚለውን ስነካ የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። መቼ ተመዝግቤ? ላኪው አሜሪካ ነው። የአገሩ የ2003 እ.ኤ.አ. የማስታወቂያ ኢሜይል ሕግ ቀድሞ ማስፈቀድን ባያስገድድም፣ በቃኝ ላለ ሰው በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ መላኩ እንዲቆም ያዛል፤ ለመውጣትም ከኢሜይል አድራሻ ሌላ መረጃ መጠየቅን ይከለክላል። ይህንኑ ጠቅሼ ጻፍኩ። መልሱ አዲስ ማስታወቂያ፤ ይሄኛውስ ስለ ማሞቂያ ነው፣ ተሻሽለዋል።

አንዷ ኮከብ ለሰዓት አክባሪነቱ ናት፦ ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ ከች ይላል።