«በድምፃዊው እጅ የተፈረመ» የሚል የአድናቂዎች ጥቅል ከመግዛታችሁ በፊት

ይህን ማስጠንቀቂያ የምጽፈው አንድን ድምፃዊ ወይም የሙዚቃ ቡድን ለዓመታት በፍቅር ለተከታተሉ፣ አዲስ አልበም በወጣበት ዕለት ለሚገዙና የኮንሰርት ዜና ሲሰሙ እንቅልፍ ለሚያጡ ሰዎች ነው። እኔም ከእነዚሁ አንዱ ነኝና፣ ከሃያ ዓመት በላይ የማደንቀውን አቀንቃኝ ስም የያዘ አንድ «ልዩ የአድናቂዎች ጥቅል» ውሉን በቅጡ ሳላነብ ገዛሁ። ጥቅሉ በአቀንቃኙ እጅ የተፈረመ ፎቶግራፍ፣ የኮንሰርት ትኬት ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት የመግዛት ቅድሚያና የአንድ ዓመት አባልነት ያስገኛል የተባለ ሲሆን፣ ዋጋው የአንድ መደበኛ ትኬት ሦስት እጥፍ ያህል ነበር። የሻጩን ስም የማልጠቅሰው ይህን ዓይነቱን ጥቅል የሚሸጠው እርሱ ብቻ ስላልሆነ ነው፤ ስሙን ብቻ ይዛችሁ ከሌላው እንድትገዙ አልፈልግም።

ፎቶግራፉ በሚያምር ክፈፍ ተደርጎ፣ የወርቅ ቀለም ማኅተም ካለበት የምስክር ወረቀት ጋር ደረሰኝ። የምሰቅልበትን ቁመት ለመወሰን ግማሽ ቀን እንደፈጀብኝ ሳስታውስ ዛሬም አፍራለሁ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያንኑ ጥቅል የገዛ ሌላ አድናቂ የራሱን ፎቶግራፍ አንስቶ ላከልኝና ሁለቱን ምስሎች በእኩል መጠን አድርጌ አንዱን በሌላው ላይ ስደርባቸው፣ ፊርማዎቹ ከመጀመሪያው ፊደል መነሻ እስከ መጨረሻው ጭራ ድረስ ያለ አንዳች ልዩነት ገጠሙ። ማንኛውም ሰው ስሙን ሁለት ጊዜ ቢፈርም ሁለቱ ፊርማዎች በርዝመት፣ በዘንበልታ ወይም በፊደላቱ መካከል ባለው ክፍተት በጥቂቱም ቢሆን መለያየታቸው ስለማይቀር፣ እንዲህ ያለ ፍጹም መግጠም የሰው እጅ ሳይሆን የማሽን ሥራ ምልክት ነው። ማሽኑ አውቶፔን ይባላል፤ እውነተኛ እስክሪብቶ በሜካኒካል ክንድ ይዞ፣ አስቀድሞ የተቀዳን ፊርማ እየደጋገመ ይጽፋል።

ይህ በእኔ ላይ ብቻ የደረሰ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካዊው ዘፋኝ ቦብ ዲላን ስለ ዘፈኖች የጻፈው መጽሐፍ 900 ቅጂ «በእጅ የተፈረመ» ተብሎ እያንዳንዱ በ599 ዶላር ከተሸጠ በኋላ፣ ገዢዎች ፊርማዎቻቸውን እርስ በርስ አነጻጽረው ተመሳሳይነታቸውን ደረሱበት። አሳታሚው ገንዘቡን መለሰ፤ ዲላንም በማሽን መፈረሙን አምኖ ይቅርታ ጠየቀ። ከእነዚያ መጻሕፍት ጋር የእውነተኛነት ማረጋገጫ ደብዳቤ ተያይዞ ነበርና፣ ገዢዎቹን ከጉዳት ያዳናቸው ማረጋገጫው ሳይሆን እርስ በርስ መነጋገራቸው ነው። የእኔ ሻጭ ግን ስጠይቀው፣ «በእጅ የተፈረመ» የሚለው አገላለጽ የፊርማውን የመጀመሪያ ቅጂ እንደሚመለከት በጽሑፍ መለሰልኝ። እንዲህ ያለውን መልስ ለመጻፍ የተከፈለው ሰው ችሎታውን ለተሻለ ነገር ቢያውለው እመኝ ነበር።

ስለዚህ ፊርማ ያለበት ነገር የምትገዙ ሁሉ በቅድሚያ የምስክር ወረቀቱን ማን እንደሰጠው ተመልከቱ። ሰጪው ሻጩ ራሱ ከሆነ ወረቀቱ የሻጩን ቃል ከመድገም የዘለለ ዋጋ የለውም፤ ማንም ሰው በማተሚያ ማሽን ሊያዘጋጀው ይችላል። ቀጥሎ ፊርማውን በአጉሊ መነጽር መርምሩ፦ መስመሩ ከፎቶግራፉ ጋር አብሮ የታተመ ከሆነ ከጥቃቅን ነጠብጣቦች የተሠራ መሆኑ ሊታይ ይችላል። አውቶፔን ግን እውነተኛ ቀለም ስለሚጠቀም በዚህ መንገድ አይጋለጥም፤ ሊያጋልጠው የሚችለው የእስክሪብቶው ጫና ከዳር እስከ ዳር እኩል መሆኑ፣ በመስመሩ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ የቀለም ነጥብ መታየቱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከሌሎች ገዢዎች ፊርማ ጋር መግጠሙ ነው። በአንጻሩ ሁለት ፊርማዎች ስለተለያዩ ብቻ እውነተኛ ናቸው ማለት አይቻልም፤ አንድ ማሽን ከአንድ በላይ የፊርማ ናሙና ሊጫንበት ይችላል፣ በእጁ አስመስሎ የሚፈርም አጭበርባሪም አለ።

የትኬት ቅድሚያው ጉዳይ አጭር ነው። ውሉን ዘግይቼ ሳነበው የሚለው «ትኬት» ሳይሆን «ትኬት ለመግዛት የመሞከር ዕድል» ነበር። የላኩልኝን የምስጢር ቁጥር አስገብቼ ረጅም ወረፋ ከጠበቅሁ በኋላ ትኬቱ አለቀ፤ ያው ቁጥር ኢሜይላቸውን ላስመዘገቡ ሰዎች በነጻ መታደሉን የሰማሁትም በዚያው ሳምንት ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ለቴይለር ስዊፍት ኮንሰርቶች ቅድመ ሽያጭ 3.5 ሚሊዮን ሰዎች እንደተመዘገቡ የሚያስታውስ ሰው፣ በወረፋ ውስጥ የሚገኝ ቦታ ምን ያህል ቀጭን ተስፋ እንደሆነ ይገባዋል። ለቅድሚያ ብቻ ተብሎ የሚጠየቅን ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ያው ቅድሚያ በነጻ የሚገኝበት መንገድ አለመኖሩን አረጋግጡ።

አባልነቱ በዓመቱ መጨረሻ ሳልጠየቅ ታድሶ ገንዘቡ ከካርዴ ተቆረጠ። የራስ ሰር እድሳቱ አንቀጽ በውሉ ግርጌ በደቃቅ ፊደል የሰፈረ ሲሆን፣ መሰረዝ የሚቻለውም ከእድሳቱ 30 ቀን በፊት በጽሑፍ በማመልከት ብቻ ነበር። ለባንኬ ቅሬታ አቅርቤ የሁለተኛውን ዓመት ክፍያ አስመልሻለሁ፤ የመጀመሪያውን ግን የቅሬታ ማቅረቢያው ጊዜ ስላለፈ አላገኘሁትም። ያሸነፍኩበት ማስረጃ በግዢው ዕለት ያነሳሁት የማስታወቂያው ስክሪን ሾት ነው፤ ሻጩ በመካከሉ «በእጅ የተፈረመ» የሚለውን «ፊርማ ያለበት» በሚል ቀይሮት ነበርና።

ተመሳሳይ ጥቅል የገዛችሁ ካላችሁ፣ ባንኮች ቅሬታ የሚቀበሉት ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ክፍያ የፈጸማችሁበትን ቀን ዛሬውኑ ተመልከቱ። የፊርማችሁንም ፎቶ ከፊት ለፊት፣ ያለ ነጸብራቅ፣ ማስመሪያም አጠገቡ አድርጋችሁ አንሱት፤ ከሌላ ገዢ ፊርማ ጋር በእኩል መጠን ለመደረብ የሚመቸው እንደዚያ የተነሳ ነው።